ጨጓራዬ አነሰ፣ ትሪው ግን ያው ነው

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። 38 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። ከአምስት ወር በፊት ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ኦፕራሲዮን አደረግሁ፤ ስሊቭ የሚሉትን። እስካሁን 60 ፓውንድ ቀንሻለሁ። የስኳርና የግፊት መድኃኒቴንም ሐኪሜ ቀንሶልኛል። በዚህ ደስ ብሎኛል።

ችግሬ ሌላ ነው። ከባለቤቴ በቀር ማንም አያውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ ‹እንጀራ ትቼ ነው፣ ጂም ገብቼ ነው› እላለሁ። ባለፈው ክርስትና ላይ አክስቴ አጎረሰችኝና ደረቴ ላይ ተቀረቀረ። መጸዳጃ ቤት ሮጬ አስመለሰኝ። አሁን በሳምንት ሁለት ሦስቴ ያስመልሰኛል። ፀጉሬ በእፍኝ ይወጣል። እናቴ በቪዲዮ አይታኝ ‹ምን ሆነሽ ነው የምትደብቂኝ?› ብላ አለቀሰች። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ትመጣለች፤ የምትደርሰውም ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነው። ጾሙን እንዴት ላድርግ? ለእናቴስ ምን ልበላት? ባለቤቴ ደግሞ ‹አብረን መብላት ቀረ› ይለኛል። ድሮ ሲከፋኝ እበላ ነበር። አሁን ሲከፋኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ስሜን ይደብቁልኝ።»

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ስለ እናትሽም ስለ ጾሙም እናወራለን። በአንድ መስመር ብቻ ያለፍሽውን ነገር ግን ላስቀድም። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ያስመልሰኛል ብለሻል። ይህን ለክሊኒክሽ ነግረሻል? ካልነገርሽ ነገ ጠዋት ደውዪ። ቀጠሮዬ ሲደርስ እነግራቸዋለሁ አትበይ።

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው። ቶሎ ቶሎ መብላት፣ በደንብ አለማላመጥ፣ ከልክ በላይ አንድ ሁለት ጉርሻ መጨመር። አንዳንዴ ግን የቀረው ጨጓራ አንድ ቦታ ላይ ጠቦ ይገኛል። ወይም አሲድ ወደ ላይ እየመለሰ ያስቸግራል። ይህን ለይቶ የሚያውቀው ሐኪም ነው። ሌላም ነገር አለ። ታያሚን የሚባለው ቫይታሚን ቢ1 ሰውነታችን ውስጥ ብዙ አይጠራቀምም። ሰው ለሳምንታት ሲያስመልሰውና የሚበላው ሲያንስ ያልቃል። ሲያልቅ ደግሞ አንጎልና ነርቭ ይጎዳል። አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየሽ፣ ስትራመጂ ካንገዳገደሽ፣ ሐሳብሽ ከተምታታ፣ ወይም ውኃ እንኳ ሆድሽ ውስጥ አልረጋ ካለ፣ ጊዜ ሳትሰጪ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። እዚያም «የስሊቭ ኦፕራሲዮን አድርጌያለሁ፣ ሲያስመልሰኝ ሰንብቷል» በይ። ግሉኮስ ከመስጠታቸው በፊት ታያሚኑን እንዲያስቡበት ይህን መስማት አለባቸው። አንቺ መናገር ቢያቅትሽ ደግሞ አጠገብሽ ያለ ሰው ይህንን ሊልልሽ ይገባል። ባለቤትሽ ሥራ በሚውልበት ሰዓት አጠገብሽ የምትሆነው እናትሽ ናት። እንግዲህ ምስጢሩን ከእሷ የምትደብቂበት ጊዜ ያለፈ ይመስለኛል።

አክስትሽም ባጎረሰችሽ ጊዜ እምቢ ያላልሽው ምስጢሩ እንዳይወጣ ብለሽ ነው። ስለዚህ እስቲ ጉርሻውን ራሱን እንየው። ሐኪሞቹ ከጨጓራሽ ከመቶ 75 እስከ 80 የሚሆነውን ቆርጠው አውጥተዋል። የቀረው ቀጭን ቱቦ ነው። በዚህ ወቅት በአንድ ጊዜ የምትበዪው ግማሽ ኩባያ፣ ቢበዛ አንድ ኩባያ ቢሆን ነው። የድግስ ጉርሻ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ሰፋ ያለ የእንጀራ ቁራጭ ተቆርሶ፣ የዶሮ ሥጋ ተደርጎበት፣ ከእንቁላሉ ተጨምሮ፣ መረቁ ተጠቅሶ፣ በአምስት ጣት ተጠቅልሎ አፍ ሙሉ ይመጣል። ሁለት ሦስት እንደዚህ ያለ ጉርሻ ለአንቺ ሙሉ ምሳ ነው። አፍ ሲሞላ ደግሞ ማላመጫ ቦታ አይኖርም። ያላመጥሽ መስሎሽ ትውጪዋለሽ። እንጀራ ለስላሳ ስለሆነ የማያስቸግር ይመስላል። ግን እንደ ማንኛውም ለስላሳ ዳቦ፣ በደንብ ሳይላመጥ ሲዋጥ ተድቦልቡሎ የሚቀረቀር ምግብ ነው። ያኔ ደረት ይጨመደዳል፣ ምራቅ አፍ ይሞላል፣ ሩጫው ወደ መጸዳጃ ቤት ይሆናል።

ሰውነትሽ ከዚያ በፊት ምልክት ይሰጥሻል። አንዳንዷን ስቅ ይላታል። አንዳንዷ አፍንጫዋ ይረጥባል። ሌላዋን ደረቷ መሃል ከበድ ይላታል። የአንቺ የትኛው እንደሆነ ልብ በይ። ምልክቱ ከመጣ የሚቀጥለው ማንኪያ አይግባ፤ ምን ቢጣፍጥ፣ ሳህኑ ላይ ምን ቢተርፍ። ምግብ ማስተረፍ ነውር ነው ተብለን ያደግን ሰዎች ይህ ከሁሉ ይከብደናል። ግን መልመድ አለብሽ።

ለብቻሽ ትንሽ ሳህን ያዢ። ከትሪ ላይ ሲበላ ምን ያህል እንደገባ አይታወቅም። መጀመሪያ ፕሮቲኑ ይግባ፤ የዶሮው ሥጋ ተበጣጥሶ፣ እንቁላሉ፣ አይቡ። ቀጥሎ ጎመኑ። እንጀራው መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም መዳፍሽን የምታክል። ቦታ ካልቀረው ይቅር። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግሻል። አንድ እንቁላል ያለው 6 ግራም ያህል ነው። እንጀራው ቀድሞ ቦታውን ከያዘው የቀኑ ፕሮቲን አይሞላም። እያንዳንዱን ጉርሻ ከ20 እስከ 30 ጊዜ አላምጪው። ጥብስና ጥሬ ሥጋ ለጊዜው ይቅሩ። በደንብ የበሰለ ክትፎ ይሻልሻል።

ሽሮ ላይ ግን ተጠንቀቂ። ይህን ኦፕራሲዮን ያደረጉ ሐበሾች ሽሮ ይወዳሉ፤ አይቀረቀርማ። ችግሩም እሱ ነው። ቀጭን ሽሮ ቱቦው ውስጥ ሳይቆይ ያልፋል። ሳትጠግቢ ብዙ ትበያለሽ፣ ዘይቱም አብሮ ይገባል። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ክብደት ሲመለስ አንዱ ምክንያት እንዲህ በቀላሉ የሚወርድ ምግብ ነው። ሽሮውን ወፈር አድርጊው፣ ዘይቱን ቀንሺለት። ውኃ ከምግብ ጋር አትጠጪ። ከበላሽ በኋላ 30 ደቂቃ ያህል ቆይተሽ፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ፉት እያልሽ ቢያንስ 1.5 ሊትር ለመድረስ ሞክሪ። አምቦ ውኃና ለስላሳ ጋዛቸው ስለሚነፋ ይቅሩብሽ።

ጉርሻን እምቢ ማለት በእኛ ቤት ከባድ ነው። «በሞቴ» ይባላል፣ «አፈር ስሆን» ይባላል። አንዱን ስትቀበዪ «አንድ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል። ክርክር ውስጥ አትግቢ። ምክንያት በሰጠሽ ቁጥር መልስ ይመጣብሻል። ጉርሻው ከመጠቅለሉ በፊት «ትንሽዬ አድርጊልኝ፣ ሥጋዋን ብቻ» በይ። አክስትሽን አከበርሻት፣ መጠኑን ግን አንቺ ወሰንሽ። ደግሞ ቀድመሽ አጉራሽ ሁኚ። ልጆቹን አጉርሺ፣ አክስትሽን አጉርሺ፣ እንጀራ አቅርቢ፣ ወጥ ጨምሪ። ስታስተናግድ የምትውልን ሴት ምን ያህል በላች ብሎ የሚቆጥር የለም።

ስለ ሆድሽ ኦፕራሲዮን ሁሉም ሰው ማወቅ የለበትም። የሥራ ጓደኛም፣ የዕድር ሰውም፣ የቤተ ክርስቲያን ሰውም። «ሐኪም ይከታተለኛል፣ ጤናዬ ተሻሽሏል፣ ተመስገን» ካልሽ በቂ ነው፤ እውነትም ነው። «እንጀራ ትቼ ነው» የሚለውን ግን እባክሽ ተዪው። አንቺን አይታ ነገ እንጀራ የምትተው አንዲት የአክስት ልጅ ትኖራለች። በአምስት ወር 60 ፓውንድ አይወርድላትም። ጥፋቱ የራሷ ይመስላታል፤ ራሷን ትጠላለች። አንቺም በዚህ መንገድ ሳታልፊ አልቀረሽም።

ምናልባት የምትፈሪው «ቀላሉን መንገድ መረጠች» መባልን ነው። የሚሉ ይኖራሉ። እውነታው ግን ይህ ነው። ሰው በምግብ ቁጥጥር ብቻ ብዙ ሲቀንስ ሰውነቱ ረሃቡን እየጨመረ ይታገለዋል። ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የሚባለው ሆርሞን ደግሞ በብዛት የሚመነጨው ተቆርጦ ከወጣልሽ የጨጓራ ክፍል ነው። ለዚህም ነው ረሃብሽ የቀነሰው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካና የዓለም አቀፉ የዘርፉ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት መመሪያቸውን አድሰዋል። ክብደትን ከቁመት ጋር አነጻጽሮ የሚለካው የቢኤምአይ ቁጥሩ 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው፣ ሌላ በሽታ ኖረበትም አልኖረበትም፣ ይህ ሕክምና ይመከራል ይላል። አንቺ ስኳርም ግፊትም ነበረብሽ። የታከመ ሰው በመታከሙ ማፈር የለበትም።

እናትሽ ግን ከሌላው ሰው ትለያለች። ለእሷ ንገሪያት። ስልክ ላይ ያለቀሰችው መልክሽ ተለወጠ ብላ አይደለም። በአገራችን ክሳትና ክፉ በሽታ ለረጅም ጊዜ አብረው ሲነሱ ኖረዋል። ኤችአይቪ መድኃኒት ባልነበረው ዘመን ሰው ሲከሳ ጎረቤት በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው። የእናትሽ ትውልድ ያን ጊዜ በዓይኑ አይቷል፤ ብዙ ለቅሶ ቤት ተቀምጧል። ጉንጭሽ ጎድሎ ስታይ የመጣባት ይህ ይሆናል። «ጂም ገብቼ ነው» ስትያት ደግሞ አላመነችሽም። እናት ልጇ ስትደብቃት ታውቃለች። ዝምታሽ ያሰበችውን ክፉ ነገር እያጸናላት ነው።

አውሮፕላን ከመሳፈሯ በፊት ንገሪያት። ኤርፖርት ላይ፣ ሻንጣ እየተገፋ፣ ሰው እያየ የሚነገር ነገር አይደለም። እንዲህ ብትያት ይበቃል፤ «እማዬ፣ አልታመምኩም። ስኳርና ግፊት ይዞኝ ነበር። ክብደቴ ስለበዛ ሐኪሞች ጨጓራዬን አሳነሱልኝ። አምስት ወር ሆነኝ። መድኃኒቴም ተቀንሶልኛል። ትንሽ ትንሽ እየበላሁ ነው። የደበቅሁሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው፤ ይቅር በይኝ።» ትቆጣሻለች። ከዚያ ተመስገን ትላለች። ከዚያ ደግሞ የማያልቅ ጥያቄ ትጠይቅሻለች፤ መልሺላት።

ስትመጣ ሥራ ስጫት። እናት ልጇን የምታበላበት መንገድ ስታጣ ውስጧ ይጎዳል። አይብ ታውጣልሽ። ምስሩን አልማ ትሥራልሽ። በቡና ስኒ ሳህን ላይ የምታቀርብልሽ ትንሽ ምግብ እንደምትበቃሽ በዓይኗ ትየው። ከተቻለ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ቀጠሮ ላይ ይዘሻት ሂጂ። ከባለሙያ አፍ ስትሰማው ሌላው ዘመድ «ብዪ እንጂ!» ሲልሽ መልስ የምትሰጥልሽ እሷ ትሆናለች። ከአገር ቤት መድኃኒት ይዛ ከመጣች ደግሞ አንድ ነገር ልብ በይ። ለራስ ምታትም ለወገብም ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አትውሰጂ። እንዲህ ላለ ጨጓራ ቁስል ያመጣሉ ተብለው ይከለከላሉ። በእነሱ ምትክ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እሱንም ሐኪምሽን ጠይቀሽ።

የፀጉርሽ ነገር ያስደነግጣል፤ ግን የሚጠበቅ ነው። ከኦፕራሲዮንና ከፈጣን ክብደት መቀነስ በኋላ ብዙ ፀጉር ባንዴ «እረፍት» ይገባና በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር መካከል ይረግፋል። ሥሩ አልሞተም። አብዛኛውን ጊዜ ዓመት እስኪሞላ ድረስ መልሶ ይበቅላል። ብረት፣ ዚንክና ፕሮቲን ካነሰሽ ግን ይቆያል። ስለዚህ የደም ምርመራ ጠይቂ። ባዮቲን የምትወስጂ ከሆነ ደም ስትሰጪ ንገሪያቸው፤ አንዳንድ የላብራቶሪ ውጤት ያዛባል። ሹሩባውንም ለጊዜው አታጥብቂው።

አሁን ሁዳዴ። 55 ቀን ነው፤ ረጅም ነው። ጥያቄውን ለሁለት ልክፈለው። አንዱ የፍስክ ምግብ መተው ነው። ሌላው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አለመቅመስ ነው።

ፍስክ መተው ይቻላል፤ ሒሳብ ግን ይጠይቃል። ግማሽ ኩባያ የበሰለ ምስር 9 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። በቀን ሦስቴ ብትበዪው 27 ነው። 60 ሊሞላ ሩቅ ነው። ስለዚህ ከአተር ወይም ከአኩሪ አተር የተሠራ የፕሮቲን ዱቄት በቀን ሁለቴ መጠጣት ሳያስፈልግሽ አይቀርም። ብዙዎቹ በአንድ መስፈሪያ 20 ግራም ያህል ይሰጣሉ። ቶፉም አለ። በቀይ ሽንኩርትና በበርበሬ ቁሌት ሲሠራ እናትሽ እንኳ ትወደዋለች ብዬ አስባለሁ። ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሆነ እንክብልሽን በጾሙ አንድ ቀንም እንዳትዘዪ።

ውኃ አለመቅመሱን ግን ዘንድሮ አልመክርሽም፤ ይህን ስልሽ ጾሙን አቅልዬ አይደለም። ሌላው ጿሚ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ያካክሳል። አንቺ ባንዴ መጠጣት አትችዪም። ፉት እያልሽ ነው፣ እሱም ከምግብ ተለይቶ። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ መኝታ ባለው ጊዜ ውኃውም፣ ምግቡም፣ ፕሮቲኑም፣ እንክብሉም አይገቡም። ገና ሲያስመልስሽ እየሰነበተ ውኃ ከጎደለብሽ ሆስፒታል ትገቢያለሽ። የስኳርና የግፊት መድኃኒት ላይም ነሽ። ሐኪምሽን ጠይቂ። ከዚያም ለንስሐ አባትሽ ሁሉንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። የታመመ ሰው በአቅሙ እንዲጾም ቤተ ክርስቲያን ታውቃለች። እሳቸው ከፍስክ መከልከሉን እንዳለ አጽንተው በሰዓቱ ምትክ ጸሎት ወይም ምጽዋት ቢያዙሽ፣ ጾምሽ ሙሉ ጾም ነው።

ስለ ቫይታሚኖቹ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ቡናን ይመለከታል። ቡናና ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ። የብረት እንክብልሽን ከአቦል ጋር አትውሰጂ፤ ሁለቱን በሰዓታት አራርቂያቸው። ካልሲየሙንም ከብረቱ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ለዪው። እንክብሎቹ የዕድሜ ልክ ናቸው፤ ክብደቱ ከወረደ በኋላም አይቀሩም።

ባለቤትሽ «አብረን መብላት ቀረ» ያለው ክፉ አስቦ አይመስለኝም። ናፍቆሽ ነው። ከሥራ መልስ በአንድ ትሪ ላይ እጃችሁ ሲገናኝ የምታወሩት ወሬ ነበር። ያ ወሬ ተቋርጦበታል። ስለዚህ ትንሹን ሳህንሽን ይዘሽ እሱ በሚበላበት ሰዓት አጠገቡ ተቀመጪ። ኩሽና ቆመሽ ሁለት ማንኪያ ጎርሰሽ አትጨርሺ። አንቺ ቀስ ብለሽ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መብላት ስላለብሽ፣ እሱም ቀስ ይበል። አንድ ጉርሻም ከእጁ ተቀበዪ፤ ትንሽዬ። ስለ እርግዝናም ተነጋገሩ። ክብደት ሲቀንስ መፀነስ ይቀላል፤ ብዙዎችን ሳያስቡት ይይዛቸዋል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ግን ከ12 እስከ 18 ወር መቆየት ይመከራል። ሁለተኛ ልጅ የምታስቡ ከሆነ እስከዚያ በምን እንደምትከላከሉ ለሐኪሙ ንገሩት።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ለእኔ ከሁሉ የከበደው ነው። ድሮ ሲከፋኝ እበላ ነበር ብለሻል። ሰው አገር ሄዶ ብቻውን ሲሆን፣ ማታ ደክሞት ሲገባ፣ የሚያጽናናው ትኩስ ፍርፍር የሆነበት ብዙ ሰው አውቃለሁ። ኦፕራሲዮኑ ያንን መጽናኛ ወሰደብሽ፤ ሐዘኑን ግን አልወሰደውም። ቦታው ባዶ ሲሆን ሌላ ነገር ሊገባበት ይፈልጋል። መጠጥ እንዳይገባበት አደራ። ከእንግዲህ አንድ ብርጭቆ ወይን ወይም ጠጅ ከድሮው ቶሎና በርትቶ ያሰክርሽ ይሆናል። ከእንዲህ ዓይነት ኦፕራሲዮን በኋላ፣ በተለይ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ፣ መጠጥ የለመደባቸው ሰዎች አሉ። ለጊዜው ጭራሽ ባትነኪው እመርጣለሁ።

ብዙዎቹ የክብደት ቀዶ ሕክምና ፕሮግራሞች የሥነ ልቦና ባለሙያ አላቸው። ከኦፕራሲዮኑ በፊት አንድ ጊዜ ሳታገኚው አልቀረሽም። አሁን ተመልሰሽ ቀጠሮ ያዢ፤ ከበፊቱ ይልቅ አሁን ነው የሚጠቅምሽ። እንግሊዝኛሽ ለሥራ ቢበቃም የሆድን ለመናገር ላይበቃ ይችላል። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ቀጠሮውን ስታስይዢ የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ በያቸው። የአካባቢሽ ሐበሻ ሆኖ የምታውቂው ሰው እንዳይመጣብሽ ከፈራሽ በስልክ ይሁንልኝ በይ። አስተርጓሚውም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።